ሥራችን አያወጣንም

የደሴና የኮምቦልቻ ክርስቲያኖች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለምወዳችሁ ነው የምቆጣው፤ ግን ቁጣ መሆኑን አልደብቅም።

ለቅሶ ቤት እንቀመጣለን። ንፍሮ ይዞራል፣ ቡና ይዞራል፣ ስለ ሟቹ ይወራል። ደግ ሰው ከነበረ «እሱማ ጽድቁን ይዞ ነው የሄደው» እንላለን። ሲጠጣ የኖረ፣ ትዳሩን የበተነ፣ የሰው ገንዘብ የበላ ከሆነ ደግሞ ራሳችንን ነቅነቅ እናደርግና «እንግዲህ ሥራው ያውጣው» ብለን ወሬ እንቀይራለን። ይህን የምንለው በክርስቶስ ሞት ድነናል የምንል ሰዎች ነን።

ሥራው አያወጣውም። የደጉንም ሥራው አያወጣውም። እናንተንም አያወጣችሁም፣ እኔንም አያወጣኝም። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ነገሩን አላድበሰበሰም። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» አለ። ምዕራፍ 2 ላይ ነው። ብዙዎቻችን ጥቅሱን በቃላችን እንወጣዋለን። ኑሯችን ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው።

ችግራችን እግዚአብሔርን ዕድር ማድረጋችን ነው። ዕድር መልካም ነገር ነው፤ ያለ ዕድር እዚህ አገር ማን ማንን ይቀብር ነበር? ወርሃዊ መዋጮህን ትከፍላለህ። ስብሰባ ከቀረህ ትቀጣለህ፣ ቀብር ካልወጣህ ስምህ ይያዛል። በሞትክ ቀን ግን ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ገንዘቡ ለቤተሰብህ ይሰጣል። ስትከፍል ኖረሃልና መብትህ ነው። ከእግዚአብሔር ጋርም እንዲህ ያለ ውል ያለን ይመስለናል። ጾሜአለሁ፣ አሥራት አውጥቻለሁ፣ ዝክር ዘክሬአለሁ፣ ሌሊት ተነሥቼ ጸልዬአለሁ፤ እንግዲህ ድርሻዬ ይሰጠኝ እንላለን። ልጅ ሲታመም ወይም ሱቁ ሲከስር ደግሞ «ምን አጎደልኩብህ?» ብለን እንሞግተዋለን። አንድም ወር መዋጮ አላቋረጥንም ለማለት ነው።

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ሰዉ ጴንጤ የሚለን። ስለዚህ ተግሣጹን ከቤቴ ልጀምር። እናንተ ወንድሞቼ፣ መዝሙራችሁም ስብከታችሁም ጸጋ ነው። ሰው የምትለኩት ግን በሌላ ነው። ስንት ሰዓት ጸለይክ? ስንት ቀን ጾምክ? አገልግሎት ላይ አለህ ወይስ የለህም? የጾም ጸሎት ፕሮግራም ላይ ያልታየች እህት «ቀዝቅዛለች» ትባላለች። ሦስት ልጆች ይዛ ጎህ ሳይቀድ ፋብሪካ የምትገባ፣ ማታ ደክማ የምትመለስ መሆኗን የሚጠይቅላት የለም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው «ዘር ዝሩ» የሚለው ነገር ነው። ይህን ያህል ብር ስጥ፣ ቪዛህ ይመጣል፤ ይህን ያህል ጨምር፣ በሽታህ ይለቅሃል። ይህ ንግድ ነው። በነጻ የተቀበልነውን ወንጌል መልሰን እየቸረቸርነው ነው። እኔ አፍሬበታለሁ፤ እናንተም እፈሩበት።

ኦርቶዶክስ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተንም በአክብሮት ልናገር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን መናገር ይችላልና። በእናንተ ቤት የምሕረት ልመና ሞልቶ ተርፏል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ የምትሉት ለምንድን ነው? ይገባኛል የሚል ሰው ደሞዙን ይጠይቃል እንጂ ማረኝ አይልም። ያን ሁሉ ማረን ብላችሁ ከቅዳሴ ስትወጡ ግን ሒሳቡ ይጀመራል። እገሌ ጾም ገደፈ፤ እገሊት ማኅበሯን አቋረጠች፤ እኔስ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ፈሪሳዊውም ብሏታል። «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፥ ከማገኘውም ሁሉ አሥራት አወጣለሁ» ብሎ ነበር። አልዋሸም እኮ። እውነት ይጾም ነበር፣ እውነት ያወጣ ነበር። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ደረቱን እየደቃ ማረኝ ያለው ቀራጭ ነው።

የበላዔ ሰብን ታሪክ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አይተረክም። ግን ወሎ ውስጥ አድጎ ያልሰማው የለምና እኔም ሰምቼዋለሁ። 78 ሰው የበላው ሰው ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ ይባላል። ሚዛኑን ልብ በሉልኝ። ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስ ይመዝናል? አይመዝንም። የሚተርኩት አባቶችም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው እመቤታችን ሚዛኑ ላይ ጥላዋን ጣል አደረገችበት የሚሉት። የሰውዬው ሥራ ሚዛኑን አልደፋውም ማለት ነው። የደፋው ምሕረት ነው። ታዲያ ይህን ሰምቶ «ለእኔም አንድ ጥርኝ ውኃ ትበቃኛለች» ብሎ የሚሄድ ሰው ምኑን ሰማ?

መስከረም 21 ሲቃረብ የግሸን መንገደኛ በከተማችን ያልፋል። ጫማውን አውልቆ አቀበቱን የሚወጣ አለ። ድካሙን አልንቅም፤ እንደዚያ የሚናፍቅ ልብ ቢኖረን ብዬም እመኛለሁ። ሰው ግሸን የሚሄደው ግማደ መስቀሉ፣ የጌታ መስቀል ክፋይ፣ አለበት ብሎ ነው። እንግዲህ ስለ መስቀሉ ካነሣን፣ ከጌታ ጋር ገነት የገባው ማን እንደነበር አስቡ። ፈያታዊ ዘየማን ነው፤ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ። እጁ እንጨት ላይ ስለሆነ ምጽዋት መስጠት አይችልም። እግሩም እንደዚያው ነውና የትም ሄዶ ስለት አያደርስም። ቀኑም መሽቶበታል። የቀረው አፉ ብቻ ነው፤ በእሱም «ጌታ ሆይ፥ በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለ። በቃ፣ ሌላ የጨመረው የለም። ያንን መስቀል ሊሳለም ወጥቶ «ስለቴን አድርሻለሁ፣ እንግዲህ ተራው የእሱ ነው» ብሎ የሚወርድ ሰው ያ ሁሉ አቀበት ምን ጠቀመው?

የኮምቦልቻ ሰዎች፣ የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 20 ለእናንተ ማብራራት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ታዩታላችሁ። አካፋና ዶማ የያዙ ልጆች ቆመው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ፒካፕ ሲቆም ተሯሩጠው ይከቡታል። ባለመኪናው መስኮቱን ዝቅ ያደርግና በጣቱ «አንተ፣ አንተ፣ ያ ባለቀይ ሹራብ» ይላል። ጉልበት ያለው ቀድሞ ይነሣል። ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ ሄዷል። ስድስት ሰዓት ላይ የሚቀሩት ሽበት ያለባቸው፣ የሚያስሉ፣ እጃቸው የቀጠነ ናቸው። እነሱም ወዲያው ወደ ቤት አይሄዱም። ባዶ እጅ መግባት ይከብዳልና።

ጌታ የተናገረለት የወይን ባለቤት ለእነዚህ ሰዎች አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። በእኛው ሰዓት አሥራ አንድ ማለቴ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ለምን ሥራ ፈታችሁ ቆማችኋል አላቸው። የሚቀጥረን ስላጣን ነው አሉት። አንዲት ሰዓት ሠሩ። ሲከፈል ግን ጠዋት ከገቡት እኩል አንድ አንድ ዲናር ተቀበሉ። የጠዋቶቹ አጉረመረሙ። ባለቤቱም «እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» አለ።

ወገኖቼ፣ ከአጉረምራሚዎቹ ጋር እንዳትገኙ ነው የምፈራላችሁ። ዕድሜህን በሙሉ ያገለገልከው አባት፣ ትናንት ከመጠጥ ቤት ወጥቶ የመጣው ልጅ አጠገብህ ሲቀመጥ ምን ተሰማህ? ደስ አለህ ወይስ ወንበርህን ሳብ አደረግህ? ወንበርህን ከሳብህ ያ ሁሉ ዓመት የሠራኸው ለደሞዝ ነበር ማለት ነው።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። «ሥራ የማያድን ከሆነ ሰው አይበላሽም ወይ?» ጥያቄው ጳውሎስንም ገጥሞታል። «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ «አይደለም» ብሎ መለሰ። ያዕቆብስ ትሉኛላችሁ። ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ብሏል፤ ልክ ነው፣ የሞተ ነው። ያን የኤፌሶን ጥቅስ ስትጠቅሱ ቁጥር 9 ላይ አትቁሙ። ቁጥር 10 መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ይላል። መጀመሪያ መዳን፣ ከዚያ ሥራ። እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው።

ይህ ለእኛ ከተሞች የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። የሸሸ ሸሸ፣ የቀረ ቀረ። ቤት ተዘረፈ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ የእርዳታ መጋዘን ሳይቀር ተዘረፈ። የወሰደው ሁሉ ከሩቅ የመጣ ሰው አልነበረም። ይህን በየሰፈሩ እናውቃለን፤ ጮክ ብለን አንናገረውም እንጂ። እስከ ዛሬም የሌላ ሰው ፍሪጅ፣ የሌላ ሰው የልብስ ስፌት መኪና የተቀመጠበት ቤት አለ።

እዚያ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን ሁለት ዓይነት ሆነው አይቻቸዋለሁ። አንዱ መስጠት አብዝቷል። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲጠየቅ ቀድሞ እጁን ያወጣል፣ ለነዳያን ያበላል፣ ከፊት ይቀመጣል። ዕቃው ግን ከቤቱ አልወጣም። ምጽዋቱ ስርቆቱን የሚያካክስለት ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ መግባት ፈርቷል። መድኃኔ ዓለም በር ላይ በማለዳ ብትቆሙ እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። ነጠላውን አገጩ ድረስ ይጠቀለላል። የበሩን እንጨት በግንባሩ ነካ፣ በከንፈሩ ነካ ያደርጋል። ሰው ሲመጣ ዘወር ይልና ይሄዳል። ግባ እንጂ ቢሉት «አይ፣ እኔ እንኳ አልገባም» ነው መልሱ። የእኛም አዳራሽ በር ላይ እንዲሁ ቆሞ የሚመለስ አለ።

ሁለቱ የተለያዩ ይመስላሉ። አይለያዩም። አንዱ መልካም ሥራዬ ያስገባኛል አለ፤ ሌላው ክፉ ሥራዬ ያስወጣኛል አለ። ሁለቱም ዓይናቸው እጃቸው ላይ ነው። ክርስቶስን ያየ የለም።

ዘኬዎስን ተመልከቱ። የቀረጥ አለቃ ነው፤ የሰው ገንዘብ በልቶ የከበረ። ጌታ ከዛፉ ሥር ቆሞ «በመጀመሪያ የሰው ገንዘብ መልስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አላለውም። «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» ነው ያለው። ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። ከኃጢአተኛ ቤት ገባ ተባለ። ከዚህ በኋላ ነው ዘኬዎስ ተነሥቶ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የበደልሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። ማንም አላስገደደውም። ቤቱ የገባው እንግዳ ነው እጁን የፈታው።

ስለዚህ አንተ በር ላይ የምትመለሰው ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ እጃችሁ እስኪጠራ አትጠብቁ። እንዲሁ ግቡ። አብሽሩ፣ የሚያስገባችሁ ጌታ ራሱ ነው። አንተ ከፊት የምትቀመጠው ደግሞ ምጽዋትህን ለጊዜው ተወውና እንደ ቀራጩ ማረኝ በል። ከዚያም ፍሪጁን መልስ። ባለቤቱን የማታውቀው ከሆነ በሰፈር ሽማግሌ አስጠይቅ፤ ፊት ለፊት መሄድ ካሳፈረህ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ዕቃው የሙስሊም ጎረቤትህ ከሆነ እሱን ከሁሉ አስቀድም። አንተም ዕቃህ የተወሰደብህ፣ ሰውዬው ተሸክሞ ሲመጣልህ ጎረቤት ጠርተህ አታዋርደው። በር ክፈትለትና ተቀበለው።