ያ የወንበርና የአበቅቴ ክፍለ ጊዜ

ስለ አንድ የሂሳብ መምህር የወጣ ጽሑፍ አነበብኩ። ዲግሪው፣ የሥራ ዘመኑ፣ ሁሉም አለ። ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተምሩ ግን የለም።

እኔን ደብረ ብርሃን ያስተማሩኝ ሌላ ናቸው። 2017 ዓ.ም. ነበር። ቀሪ ቁጥር ምን ያደርጋል ብለን አፈጠጥን። እሳቸው ዝም ብለው 2017 ላይ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ልደት በፊት የምትቆጥረውን 5500 ዓመት ደመሩ። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 11፤ ወንበር፣ ማለትም ከ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ያለፉት ዓመታት። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 1፤ አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ዕድሜ የሚሰላበት ቁጥር።

ከመንዝ የመጣው ዲያቆን ጓደኛችን «ይሄማ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ነው!» ብሎ ጮኸ። መምህራችን ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አስጠኚያችን እሱ ሆነ፤ ሻዩን እኛ እንችላለን።