«አጽጂ» የሚለው ስም ኩሊ ሎችን እየጎዳው ነው

የዓሣ ገንዳ ያለው ሰው ከሥር የምግብ ትርፍ ተጠራቅሞበት ሻጩን ሲያማክር የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «አጽጂ ዓሣ ጨምርበት» የሚል ነው። በዚህ ስም ከሚሸጡት መካከል አንዱ ኩሊ ሎች ይባላል። እባብ የሚመስል፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቢጫማ ገላው በጥቁር ቡናማ ቀለበቶች የተሸነሸነ ቀጭን ዓሣ ነው። እኔ በበኩሌ «አጽጂ» የሚለው ስም ከገበያ ቢወጣ እወዳለሁ፤ ዓሣውን ያልተፈጠረበትን ሥራ ያሸክመዋልና።

የተፈጠረበትን ማወቅ ለሚፈልግ፣ ፓንጊዮ በሚል የሳይንስ ስም የሚጠሩት እነዚህ ዓሦች የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተወላጆች ናቸው፤ ኩሊዎቹም በማሌይ ባሕረ ገብ መሬት፣ በሱማትራ፣ በቦርኒዮና በጃቫ ቀስ ብለው በሚፈስሱ ጅረቶችና ረግረጋማ ደኖች ይኖራሉ። በእነዚያ ደኖች የወደቀው ቅጠል እየተደራረበ ውኃውን አሲዳማ ያደርገዋል፣ የሻይ ቀለምም ይሰጠዋል። ኩሊ ሎች ቀኑን በቅጠሉ መካከል ተሸጉጦ ይውልና ሲመሽ ለምግብ ይወጣል።

አመጋገቡን በቅርብ ያየ ሰው «አጽጂ» ለማለት ይከብደዋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ በደብዛዛ ብርሃን ሲመለከቱት፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት ሦስት ጥንድ ጢሞች መሬቱን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ የምግብ ሽታ ካገኘበት ቦታ ሲደርስ አፉን ቀብሮ አሸዋውን ይጎርሳል፣ የሚበላውን ያስቀርና አሸዋውን በስንጥቦቹ በኩል ይለቀዋል። የሚፈልገው ትልና የነፍሳት እጭ ነው። በመስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ አይግጥም፣ የሌሎችን ዓሦች ዐይነ ምድርም አይበላም። «የወደቀውን ይለቃቅማል» ተብሎ ለብቻው ምግብ የማይሰጠው ከሆነ፣ ከላይ የሚበተነውን ፈጣኖቹ ዓሦች ተሻምተው ስለሚጨርሱት እሱ ከሥር ሆኖ ቀስ በቀስ ይከሳል። የገንዳው ወለል ሹል ጠጠር ከሆነማ መጉረሱም መቅበሩም ይቀራል፤ ጢሞቹም ይጎዳሉ።

ችግሩን የሚሸፍነው ደግሞ የራሱ ችሎታ ነው። በውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ይውጥና ኦክስጅኑን በአንጀቱ ይስባል። ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ውኃ እሱ ስለሚቆይ፣ ባለቤቱ «ይህስ ጠንካራ ነው» ብሎ ይረጋጋል፣ ውኃ መቀየሩንም ያዘገያል።

ለብቻው መሸጡም ከዚሁ ስም የመጣ ነው፤ አንድ ገንዳ ስንት አጽጂ ያስፈልገዋል? ኩሊ ሎች ግን ከወገኖቹ ጋር ተጠጋግቶ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይደበቃል። እኔም ከዓመታት በፊት ሁለት ገዝቼ ወር ሳይሞላ ሁለቱም ጠፉብኝ። ሞተዋል ብዬ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ማጣሪያውን ላጥብ ስከፍት፣ ከስፖንጁ ሥር በጥቁር ዝቃጭ ውስጥ ተጠቅልለው፣ ከገዛኋቸው ጊዜ ይልቅ ወፍረው አገኘኋቸው። (ያወፈራቸው ዝቃጩ ሳይሆን በውስጡ የተባዙት ትሎች ሳይሆኑ አይቀሩም።) ማጣሪያው ውኃ የሚስብበትን ቀዳዳ በመረብ ሸፍኜ፣ ጠጠሩን በደቃቅ አሸዋ ተክቼ፣ አራት ስጨምርባቸው ግን በቀንም ተከታትለው ሲርመሰመሱ ይታዩ ጀመር።

የሳይንስ ስሙም ቢሆን ከገበያው ጋር አልተስማማም። ፓንጊዮ ኩሊ የተባለው ዝርያ የተሰየመው በጃቫ ናሙና ሲሰበስብ እ.ኤ.አ. በ1821፣ ገና በ23 ዓመቱ በሞተው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በሃይንሪሽ ኩል ስም ነው፤ ስሙን በ1846 የሰጠው ፈረንሳዊው ቫለንሲየን ነበር። ዛሬ ኩሊ እየተባሉ የሚሸጡት አብዛኞቹ ግን ፓንጊዮ ሰሚሲንክታ የተባለ ሌላ ዝርያ ናቸው። በገንዳ ውስጥ የሚዋለዱት አልፎ አልፎ በመሆኑ ለሽያጭ የሚቀርቡት በብዛት ከዱር የተያዙ ናቸው፤ የሚኖሩባቸው ረግረጋማ ደኖች ደግሞ ለፓልም ዘይት እርሻ ሲባል ውኃቸው በቦይ እየተለቀቀ ይመነጠራሉ። ከዚያ ተይዞ የመጣን ዓሣ እንደ መወልወያ ጨርቅ ማቅረብ ለእኔ ነውር ነው።

«አጽጂ ካላልነው ማን ይገዛዋል?» የሚል ሻጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም፣ ቀን ቀን የሚደበቅን ዓሣ ማሻሻጥ ይከብዳልና። ቢሆንም በገንዳው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ እውነቱን መናገር ይችላል፦ ከአምስት ወይም ከስድስት ባላነሰ ቁጥር፣ በደቃቅ አሸዋ ላይ፣ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውኃ የሚኖር፣ ማታ ማታ የሚመገብ፣ በአግባቡ ከተያዘ 10 ዓመት ሊቆይ የሚችል ዓሣ። ይህን አንብቦ ሐሳቡን የሚቀይር ገዢ አይጠፋም፤ ለእሱ ባልዲና የውኃ መቀየሪያ ቱቦ ይሸጥለት።