ሲትሬት አድራሻ አለው

የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠርጠር የሚረዳው፣ ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤቱ ከፍ ያለበት ሰው፣ ዛሬ በብዙ አገር ናሙና በመርፌ ከመወሰዱ በፊት ወደ ኤምአርአይ ይላካል። ደግ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያው ፕሮሚስ ጥናት 576 ወንዶችን መርምሮ ነበር። አደገኛውን የፕሮስቴት ካንሰር ኤምአርአይ 93 በመቶ ሲያገኘው፣ የተለመደው የመርፌ ናሙና 48 በመቶውን ብቻ አገኘ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ቁጥር ነው። አደገኛ ካንሰር ከሌለባቸው ወንዶች መካከል ኤምአርአዩ ነፃ ያላቸው 41 በመቶውን ብቻ ነው። የቀሩት በከንቱ ተጠርጥረዋል።

አንዱ ምክንያት ውኃ ይመስለኛል። የምርመራው ዋና ክፍል የውኃ ሞለኪውሎች በፕሮስቴት ዕጢው ውስጥ ምን ያህል እንደልባቸው እንደሚንቀሳቀሱ ይለካል። ካንሰር ሲኖር ሴሎች ይታጨቃሉ፤ ውኃው መፈናፈኛ ያጣል። ግን ውኃ የሌለበት ቦታ የለም። ሴሉ ውስጥ አለ፣ ከሴሉ ውጭ አለ፣ ፈሳሽ በሚጠራቀምባቸው ጥቃቅን ቱቦዎችም አለ። የሚለካው የሁሉም ድብልቅ ነው። የዕጢው መቆጣት እንኳ ውኃውን ሊያዘገየው ይችላል።

ሲትሬት ግን አድራሻ አለው። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ ማለት ነው። ጤነኛ ፕሮስቴት በብዛት ያመርተዋል፣ ወደ ቱቦዎቹም ያፈሰዋል። ዕጢው ያከማቸው ዚንክ ሲትሬቱ እንዳይቃጠል ያግደዋልና። ካንሰር ሲገባ ዚንኩም ሲትሬቱም ይቀንሳል። ኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ያለባቸው ውህዶች ደግሞ በዋናነት ሴሉ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ የሲትሬትን እንቅስቃሴ የለካ ስለ ቱቦው፣ የኮሊንን የለካ ስለ ሴሉ ወሬ ያገኛል። በአንጎል ምርምር ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ኤንኤኤ የተባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው የነርቭ ሴሎች ውስጥ ስለሚገኝ፣ እንቅስቃሴው የእነሱን ቅርጽ ይናገራል።

ፕሮስቴት ላይ ከባድ ነው፣ አልክድም። የሲትሬት ሲግናል ከውኃው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ዙሪያው ስብ ነው። አንጀት ውስጥ ጋዝ ሲንቀሳቀስ ዕጢውም ይነቃነቃል። ልኬቱ ጊዜ ይፈጃል፣ ማሽኑ ደጃፍ ላይ ደግሞ ወረፋ አለ። ፒ-ራድስ የተባለው የፕሮስቴት ኤምአርአይ መመሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ እትሙ ስፔክትሮስኮፒን፣ ማለትም በኤምአርአይ ማሽን እንደ ሲትሬት ያሉ ንጥረ ነገሮችን ሲግናል ለይቶ የሚለካውን ዘዴ፣ ከመደበኛው ምርመራ ማስወጣቱ አይገርመኝም።

በዚያው ተረስቶ መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል። ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች አሉ። ፈቃደኞቹን ከቀዶው በፊት ሲትሬታቸው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንለካ። የወጣው ዕጢ እንደሆነ ወደ ላቦራቶሪ መሄዱ አይቀርም። ቱቦዎቹ ጠብበው ከሆነ ማይክሮስኮፑ ይነግረናል፤ ልኬታችን አስቀድሞ አይቶት እንደነበር ጎን ለጎን አድርገን እናያለን።