ስሙን የጻፈ መስፍን ሐሰተኛ ነው ወይ?

ስለ መካከለኛው ዘመን ሳንቲሞች ሲወራ አንድ ነገር ያናድደኛል። የፍላንደርስና (በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ ያለ ግዛት) የአካባቢው መሳፍንት ያሳተሟቸው ትናንሽ የብር ሳንቲሞች «የእንግሊዝ ፔኒ ሐሰተኛ ቅጂ» ተብለው ይታለፋሉ። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም።

የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1279 ፔኒ የተባለውን የብር ሳንቲም በአዲስ መልክ አወጣ። ክብደቷ 1.4 ግራም ገደማ ነው፤ 92.5 በመቶው ንጹህ ብር ነው። የፍላንደርስ ሸማኔዎች ደግሞ ያለ እንግሊዝ ሱፍ መሥራት አይችሉም። ሱፍ በብር ይገዛል። ስለዚህ ያቺ ፔኒ በየገበያው ተፈላጊ ሆነች፤ መሳፍንቱም እሷን የሚመስል ማሳተም ጀመሩ።

ሥራው የመዶሻ ነው። ምስል የተቀረጸበት አንዱ የማተሚያ ብረት በእንጨት ግንድ ላይ ይተከላል፤ ጠፍጣፋ ብር በላዩ ይቀመጣል። ሠራተኛው ሁለተኛውን ማተሚያ በእጁ ይዞ አናቱን ይመታዋል። ብሩ ትንሽ ከተንሸራተተ የጽሑፉ ጫፍ ሳይታተም ይቀራል።

የፍላንደርስ ጎረቤት የሆነችውን የኤኖን መስፍን የዣን ዳቬንን ሳንቲም ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጀርባው ቁርጥ የኤድዋርድ ነው፦ ረጅም መስቀል፣ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት ነጠብጣብ። ፊት ለፊት ያለው ሰው ግን በኤድዋርድ ፔኒ ላይ እንዳለው ንጉሥ ዘውድ አልደፋም፤ የደፋው የጽጌረዳ ጉንጉን ነው። ዙሪያውን በላቲን «ዮሐንስ፣ የኤኖ መስፍን» ይላል። አጭበርባሪ እንዲህ ስሙን ያሳውቃል?

እርግጥ ሁሉም እኩል አይደሉም። በሰሜን ፈረንሳይ የፖርሲያን መስፍን የነበረው ጎሼ ደ ሻቲዮን በኋላ ዘውድ የደፋ ራስ አስቀርጿል። እሱ ድንበር አልፏል እላለሁ፤ ያም ሆኖ የራሱን ስም አልደበቀም።

እንግሊዝ ውስጥ እነዚህን ብሮች ክሮካርድና ፖላርድ ይሏቸው ነበር። ብዙዎቹ በብር ይዘታቸው ከፔኒዋ የሚያንሱት በጥቂቱ ነው። ኤድዋርድ ግን በ1299 ገና ላይ ዋጋቸውን በግማሽ ቆረጠው፤ በ1300 ፋሲካ ላይ ጭራሽ ከለከላቸው። እንደ ሙሉ ፔኒ ተቀብሎ በኪሱ የያዘው ሰው ከሰረ። የንጉሡ ማተሚያ ቤቶች ግን ያንኑ ብር አቅልጠው የንጉሡን ፔኒ አተሙበት፤ የማተሚያ ክፍያውንም ወሰዱ። ብሩ የማይረባ ቢሆን ኖሮ ማን ያቀልጠው ነበር?

ስለዚህ ሙዚየሞችና ሻጮች «ሐሰተኛ» የሚለውን ይተዉት። የመስፍኑንና ያሳተመበትን ከተማ ስም ይጻፉ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ብሩ ላይ አሉ።