የቅዳሜው ባቡር

ሲያትል ላይ የሐይቁ ዳር ባቡር ቀረ ያለው ማነው? ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማቲውስ ቢች ይምጣና ይየን። አራት ሆነን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ የዋሽንግተን ሐይቅን በቀኝ አድርገን ወደ ኬንሞር እንነጉዳለን። በድሮው ሐዲድ ቦታ የተሠራው የበርክ-ጊልማን የእግርና የብስክሌት መንገድ ሦስት ሜትር ገደማ ይሰፋል። በልካችን ነው የተሰፋው ማለት ይቻላል።

ለባለውለታ ውለታውን መናገር ነው። ዳኛ ቶማስ በርክና ዳንኤል ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1885 የባቡር ኩባንያውን ሲያቋቁሙ ሐሳባቸው ሐዲዱን እስከ ካናዳ ድንበር ማድረስ ነበር። ግንድና የድንጋይ ከሰል ተመላለሰበት። በ1971 መስመሩ ሲዘጋ የከተማው ሰው "የእግርና የብስክሌት መንገድ ይሁንልን" ብሎ ተነሳ፤ ሰልፍ ወጥቶ በእግሩ እዚሁ ማቲውስ ቢች ድረስ መጣ። በ1978 ተመረቀ። በመንገዱ ዳር ቤት ያላቸው አንዳንዶች ሌባ ይመጣብናል፣ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል ብለው ፈርተው ነበር። ከተማው በ1987 ሲያጠና ግን ዋጋው አልወደቀም። ያኔ መጠናቱ በጀ። እኛ ገና አልመጣንም ነበር።

ባቡር መተካት ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ዝግጅት አለው። ለጤናችን ብለን በእግር ልንሄድ ስለሆነ አምስት ሰው በአራት መኪና እንመጣለን። ፓርኪንግ ፍለጋ የምንዞረው በእግራችን ከምንሄደው ይበልጣል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ነው። ቢሆንም ራስ ዳሽን የሚያስወጣ ጫማ አድርገናል፤ ለአንድ ማይል ጉዞ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ውሃ ይዘናል።

ጨዋነታችንን ደግሞ ያለፈው ቅዳሜ ይመስክር። ከኋላችን ደወል ተንቃጨለ። "ኦን ዩር ሌፍት!" አለ ብስክሌተኛው። በግራችሁ ላልፍ ነው ማለቱ ነው አሉ። እኛ ግን ትእዛዝ አክባሪዎች ነን፤ ግራ ከተባልን ግራ ነው። አራታችንም እንደ ሰልፈኛ ወደ ግራ ዞርን። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። ቢጫ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ሣሩ ውስጥ ገብቶ በአንድ እግሩ ቆመ። "ሶሪ!" አልነው በአንድ ድምፅ፣ ጥርሳችንን ብልጭ አድርገን። ከዚያ ወደ ቦታችን ተመለስን። ቦታችን መሀል ነው።

አምስተኛችን አንድ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ያደጉት ምድር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። እሳቸው ቀኝ ጠርዙን ይዘው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብቻቸውን ይቀድማሉ። "ጋሼ፣ ኑ እንጂ፣ እንጫወት!" ስንላቸው ዞር ብለው፣ "ልጆች፣ ባቡሩ እንኳ ይሄን ሁሉ መንገድ አልያዘም" ይሉናል። የድሮ ሰው ናቸው። ጨዋታ አይገባቸውም።

ባቡር ያለ ጡሩምባ አይሆንም። ለዚህ የጓደኛችን ስልክ አለ። እናቷ ሁሌ ቅዳሜ ይደውላሉ፤ አዲስ አበባ ያኔ ምሽት አንድ ሰዓት አልፏል። እሷም ደግ ስለሆነች ለብቻዋ አትሰማም፣ ስፒከር ላይ ታደርገዋለች። አግዳሚ ወንበር ላይ ቡናቸውን ይዘው ሐይቁን የሚያዩት ባልና ሚስት የሽንኩርት ዋጋ መጨመሩን ከእኛ ነው የሚሰሙት። አማርኛ ባይችሉም ድምፁ ላይ ምሬቱ አለ። ዳክዬዎቹም ራቅ ብለው በጥሞና ያዳምጣሉ።

"የት ነሽ?" አሉ እናትየው ባለፈው።

"ዎክ ላይ ነኝ እማዬ።"

"ምን ላይ?"

"በእግሬ እየሄድኩ ነው።"

"በእግርሽ? ምነው፣ መኪናሽ ተበላሸ?"

"ኧረ ደህና ነው እማዬ! ይዤው መጥቻለሁ። ለጤና ነው።"

ጋሼ ከፊት ሆነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳል ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ የጎረቤት ሠርግ ተነሳ፣ የአክስት ጉልበት ተነሳ፣ ሁለት ብስክሌቶች ሣር ገቡ፣ አንድ ጋሪ የምትገፋ እናት ቆማ አሳለፈችን። መዞሪያችን ጋ ደርሰን ፎቶ ልንነሳ ስንደረደር እናትየው እንደገና፦

"እና ደረሳችሁ?"

"የት እማዬ?"

"የምትሄዱበት ነዋ!"

"የምንሄድበትማ የለም። አሁን ዞረን መኪናችን ጋ ልንመለስ ነው።"

ስልኩ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎን ነበር።

"ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ወረዳችሁ?"