ቢጫው ዱቄት ሲመጣ

አትላንታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ማርች ሲጋመስ ማታ ያጠባችሁት መኪና ጠዋት ቢጫ የዛፍ አበባ ዱቄት፣ ፖለን የሚሉትን፣ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ዓይን ያሳክካል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ እንቅልፍ የለም። አገር ቤት እያለሁ አለርጂ የሚባል ነገር አያውቀኝም ነበር። እዚህ ግን ሦስተኛው ዓመት ላይ ያዘኝ። ብዙዎቻችንን እንዲህ ነው የሚይዘን፣ ሰውነት ዱቄቱን ደጋግሞ ካገኘው በኋላ እንደ ጠላት ቆጥሮ መዋጋት ሲጀምር።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2025 እዚሁ ከተማ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 14,801 የፖለን ቅንጣት ተቆጠረ። 1,500 ሲደርስ እንኳ በጣም ከፍተኛ ይባላል። ስለዚህ ምሬቱ ይገባኛል።

ያልገባኝ አንድ ወዳጄ ያደረገው ነው። ግቢው ውስጥ የነበረውን ትልቅ የኦክ ዛፍ «የበሽታዬ ምንጭ እሱ ነው» ብሎ ከሥሩ አስቆረጠው። በጣም ነው ያዘንኩት። የኦክ ዱቄት በነፋስ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰፈሩ በሙሉ ኦክ ነው። አንዱን ቆርጦ ምን ይገኛል?

ደግሞ ሁላችንም የምንራገመው መኪናችን ላይ የሚታየውን ቢጫ ነው። እሱ በአብዛኛው የጥድ ነው። ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ይታያል እንጂ ብዙም አያሳምምም። የሚያሳምመን ዓይናችን የማያየው የኦክና በርች የሚባለው ዛፍ ዱቄት ነው።

ዛፉ ግን ምን ያድርግ? የኛ ግራዋና ብሳና ንብ አላቸው፤ ዱቄታቸውን ተሸክማ ከአበባ አበባ ታደርስላቸዋለች። ኦክ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ ደግሞ መርጦ አያደርስም። አንዷ ቅንጣት ሴቴ አበባ ላይ እንድታርፍ ሚሊዮኖች መበተን አለባቸው። የሚያብበውም ቅጠሉ ሳይሰፋ ነው፣ መንገድ እንዳይዘጋበት። አጋዘኑም ወፉም የሚበላው የኦክ ፍሬ የሚመጣው ከዚሁ ከምንራገመው ዱቄት ነው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ሌላ ነገር ነው። የዚህ ዱቄት ሽፋን በጣም ጠንካራ ስለሆነ በሐይቅ ደለል ውስጥ ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ተመራማሪዎች ወሎ ውስጥ ሐይቅና ሐርዲቦ ከሚባሉት ሁለት ሐይቆች ደለል አውጥተው አንብበውታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በፊት የጽድና የዝግባ ደን ተመንጥሮ በቦታው እነ ክትክታ እንደበቀሉ፣ ኋላም ጽዱ እንደገና አንሰራርቶ እንደነበር የነገራቸው ዱቄቱ ነው። ያንን ደን ያየ ሰው ዛሬ የለም። ዱቄቱ ግን አለ።

እኔ መድኃኒቴን ወቅቱ ሳይገባ እጀምራለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ፣ ማታ ፀጉሬን ሳልታጠብ አልተኛም። ያስቸግራል፣ ግን ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጉቶው ላይ ቢጫው ዱቄት ተኝቶበታል። እሱም እያስነጠሰ ነው በር የከፈተልኝ።