የልጅ ሰዓት

ባለፈው ጸደይ ከማንቸስተር ተነሥተን ቅዳሜና እሁድን ለንደን ልናሳልፍ አሰብን። ትልቁ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 2። እኔና ባለቤቴ ወረቀት ይዘን ስንቀመጥ መጀመሪያ የጻፍነው ትንሿ የምትተኛበትን ሰዓት ነው። ከዚያ ምሳ። ከዚያ ሊፍት ያለው ጣቢያ የትኛው እንደሆነ። የምናየው ነገር መጨረሻ ላይ መጣ፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፣ በቃ።

ለንደን ለዚህ ትመቻለች። ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከከፈለ አዋቂ ጋር ከሆነ በምድር ውስጥ ባቡር በነፃ ይሄዳል። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም መግቢያ አያስከፍልም። ይሄ ገንዘብ ከማትረፍ በላይ ነው። ልጅ ሲሰለች «ይሄን ሁሉ ከፍለን!» ብሎ የሚጎትተው የለም፤ ተነሥቶ መውጣት ነው። ልጄ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን 25 ሜትር የዓሣ ነባሪ አጽም ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ አየው። ሌላ አልፈለገም። ወጣን።

ኮራምስ ፊልድስ የሚባል መጫወቻ ሜዳም አለ፤ ልጅ ያልያዘ አዋቂ አይገባበትም። በሩ ላይ ይህን ስነግረው እጄን ያዘና «ነይ እማ፣ እኔ አስገባሻለሁ» አለኝ። ደስታው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ማታ ግን አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱም አለቀሱ። እዚያ የልጅ ጋሪ ደረጃ ላይ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም፤ ልጅ የሚቀበል ግን የለም። ክፋት አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ መንካት ነውር ነው።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ገባን። ጋሪው በአዲሱ የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ ላይ ጥሩ ሄደ። ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ኮብልስቶኑ የትንሿን ጉንጭ አርገፈገፈው። ጋሪውን አጥፌ እናቴ ቤት ተውኩት። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት «አምጪያት፣ እኔ ልያዛት» አሉኝ። መልሴንም አልጠበቁም። ልጅቷ ነጠላቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ስንወርድ እንዳትነቃ ብለው ጫፉን ቀስ አድርገው ከጉንጯ ሥር ሳቡት።

አንድ ካፌ ውስጥ ዳይፐር መቀየሪያ አጣሁ። አስተናጋጇ ዕቃ ቤት አስገብታ ሁለት ወንበር አጋጠመች፣ የራሷን ጃኬት አነጠፈችበት። ውጭ ደንበኛ ይጠራታል፣ አለቃዋ ይቆጣል። አመሰገንኳት፣ አፈርኩም። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ አንድ ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮ ያቺ ልጅ በእኔ ምክንያት ባልተቆጣች። በደግነታችን እንኮራለን፣ ልክ ነው። ግን ከተማው ያልሠራውን ሁሉ በሰው ደግነት መሙላት የለብንም።

ዕቅዱም የከበደኝ አዲስ አበባ ነው። ለቅዳሜ ሙዚየም ብዬ ነበር። አክስቴ ደወሉ፣ «ሳታዪኝ?» አሉ። እዚያ ሳትበሉ አትወጡም ተባልን። ከዚያ ሁለት ቤት ተጨመረ። ልጆቹ በየሶፋው ተቀምጠው ዋሉ። «ሂዱ ተጫወቱ» ይባላሉ፣ መጫወቻው የት እንደሆነ ግን የሚነግራቸው የለም። ማታ ትንሿ አተኮሳት።

እሁድ ጠዋት እናቴን «ዛሬ ድንቅነሽን ብቻ ነው የምናየው» አልኳት። ትንሽ ከፋት። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ «እንግዲያው እኔም አላየኋትም» አለች። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ እናቴ ተማሪ ነበረች፤ ወሬውን በሬዲዮ ሰምታለች። አምስት ኪሎ ሙዚየሙ ድረስ ግን አንድም ቀን የወሰዳት የለም።

የድንቅነሽ ቁመት 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። ልጄ ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ፊት ለፊቷ ቆመ። እናቴ በመዳፏ አናቱን ነክታ በዓይኗ ለካች።

«እኩል ናችሁ» አለችው።

«እሷም 5 ዓመቷ ነው?»

«አይ፣ ትልቅ ሰው ነበረች።»

ብዙ ቆዩ፤ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ትንሿ ማዛጋት ስትጀምር ወጣን። ዝናቡ ሳይመጣ ቤት ገባን።